ጃርቱ ያወጣው ማሰሮ

ይመር ድንበሬን ገፋ። እኔ ከጦርነቱ ሸሽቼ ልጆቼን በሰው ደጅ ሳስጠልል፣ እሱ በአትክልት ቦታችን መካከል የቆመውን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እኔ አስገብቶ ተከለው። ሌላ የማለዝብበት ቃል የለኝም።

ይህ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ነገሩ የፈነዳውም በዚያው ዓመት በበልግ መግቢያ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ቤቴን የዘረፉትን እንኳ እየረሳኋቸው ነው። ይህን ግን አልረሳሁትም። በይመር ክፋት ምክንያት ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። አንዲት አሮጊትና አንድ ጃርት ስላሉበት ነው።

ጽሑፌ ከሻከረ ታገሡኝ። ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ የገዛ ልጆቼ እየሳቁብኝ ነው።

የአትክልት ቦታዬ ከሐይቅ ከተማ ወረድ ብሎ፣ ወደ ውሃው በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ከአባቴ የወረስኩት ነው። ሰፊ አይደለም፤ ቤተሰቤን ግን እሱ ነው ያቆየው። ሽንኩርት፣ ጎመንና ካሮት አለማበታለሁ፤ ዳር ዳሩን ፓፓያ አለኝ። የምናጠጣው ከላይ ከምንጩ በሚወርድ ቦይ ነው፣ በተራ። ተራውን የሚያካፍል ሰው እኛው እንመርጣለን፤ ውሃ አባት እንለዋለን። የኛ ውሃ አባት አያ መኮንን ነው፤ ቀልደኛ፣ ግን በውሃ ጉዳይ ለወንድሙም የማያደላ።

የይመር ቦታ ከእኔ ጎን ነው። ድንበሩን ያኖሩት አባቶቻችን ናቸው፤ ሁለቱም ሞተዋል። ከቦዩ ወደ እኔ ውሃ የሚገባበት አፍ ከድንበሩ ድንጋይ አጠገብ፣ በእኔ በኩል ነበር። ነበር ነው የምላችሁ።

ጦርነቱ በወልዲያ መንገድ ወርዶ ወደ እኛ ሲመጣ ያገኘነውን በጀርባችን አዝለን ወጣን። ይመር ቀረ። ለምን ቀረህ አልለውም፤ ያ የሱ ጉዳይ ነው። አገር ሲረጋጋ በጥር ተመለስን። የቤቴ በር የለም፤ ዶማዬም የለም። ሰው ዶማ ይዘርፋል? ዘረፉ። ባለቤቴ ከዲጃ ባዶውን ቤት አይታ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ጣሪያው አለ» አለች። እሷ እንዲህ ናት። እኔ እንዲህ አይደለሁም።

ዶማ ተውሼ ወደ አትክልቱ ወረድኩ። አረሙ ጉልበቴ ደርሷል። ጋጋኖዎቹ ግን አልተሰደዱም ነበር፤ እንደ ድሯቸው እየተንጫጩ ረጠብ ያለውን መሬት በረጅም አፋቸው ይወጉታል፣ ትል ያወጣሉ። ቦዩ ደለል ሞልቶት እንቁራሪት ሰፍሮበታል። ደስ አለኝ። ያን ያህል ቀን በሰው አገር ከርሞ የገዛ እንቁራሪቱን መስማት ምን እንደሆነ ተሰዶ ያየ ያውቀዋል።

የበልግ መግቢያ ሥራ ብዙ ነው። አረም ነቀልኩ፣ መደብ አወጣሁ፣ ፍግ በተንኩ። በአንደኛው መደብ የሽንኩርት ዘር ዘርቼ ሣር አለበስኩት፤ ፍሉ፣ ችግኙ ማለቴ ነው፣ ሲያድግ ወደ ሌሎቹ መደቦች ነቅዬ ላዛውረው ነው። ከዚያ የውሃውን አፍ ልጠርግ ወደ ድንበሩ ሄድኩ። ድንጋዩ በቦታው የለም። ዞር ስል ከጀርባዬ ቆሟል። በእኔ መሬት ውስጥ! የውሃው አፍም ወደ ይመር ገብቷል። በመሃል ያለውን መሬት ቆፍሮ ድንች ተክሎበታል።

ይመር እዚያው ነበር።

«ይመር፣ ይሄ ድንጋይ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ድንጋይ ነው።»

«እግር አወጣ ወይ?»

«ድሮም እዚያው ነው። ስደቱ አስረስቶህ ነው፣ ሰይድ።»

ይመር በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ዕድሜውን ሙሉ «አያ ሰይድ» ሲለኝ ኖሯል። ድንጋዩን ካነሳ በኋላ «አያ»ን ጣላት። እኔን ከመሬቱ ይልቅ እሷ ናት ያቃጠለችኝ።

ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ሸሆችም ነበሩ፣ ከክርስቲያኖቹም ነበሩ፤ እኛ ጋ ሽምግልና እንዲህ ነው። የመሬት ደብተሬ አዋሳኜ ይመር መሆኑን ይናገራል፤ ድንጋዩ የቱ ጋ እንደቆመ አይናገርም። ጎረቤቶቼን ጠየቅኋቸው። አንዱ «አላስተዋልኩም» አለ። ሌላው «እኔ ከላይ ነው የማርሰው» አለ። ያን ድንጋይ ሲያዩት የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያራገፉበት! ከጦርነት ተርፎ የመጣ ሰው ከጎረቤቱ መጣላት እንደማይፈልግ አሁን ይገባኛል። ያን ቀን አልገባኝም፤ ዛሬም በሙሉ ልቤ ይቅር አላልኳቸውም።

ይመር «እምላለሁ፣ ቁርአን አምጡ» አለ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አንድ ሸህ ተቆጡ።

«ለድንጋይ ብለን ቁርአን አናስነካም። ሰይድ፣ ምስክር ፈልግ። ረመዳን ሳይገባ እንቋጨዋለን፤ ተጣልታችሁ አትጾሙም።»

ምስክር ከየት ላምጣ? የማውቃቸው ምስክሮች መቃብር ውስጥ ናቸው።

በዚህ መሃል ውሃ የለኝም። ተራዬ ሲደርስ ይመር «አፉ በእኔ መሬት ነው» ብሎ መጀመሪያ የራሱን ያጠጣል፤ ወደ እኔ የሚደርሰው ጭቃ ነው። አያ መኮንን ጮኸበት። ይመር «ድንበሩ ይለይና ትናገራለህ» አለው። እኔና ከዲጃ ከሐይቁ በጀሪካን እየቀዳን ዳገቱን ወጣን። ጀሪካን ሙሉ ውሃ አንድ መደብ አይጠግብበትም። ፍሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። እሱ ከሞተ ዓመቱ ሞተ፤ ሌላ ዘር የምገዛበት የለኝም፣ ሌላ የምሠራበት መሬትም የለኝም።

አንድ ማለዳ ሱብሂ ሰግጄ፣ ጀሪካኔን ይዤ ስወርድ መንገዱ ላይ የጃርት እሾህ አገኘሁ። ጃርት የአትክልተኛ ጠላት ነው፤ ሥር ያለውን ሁሉ ይምሳል። ወደ ፍሌ ሮጥኩ። አልተነካም። ዞር ስል የይመር ድንች ተተራምሷል። የሰረቀኝ መሬት ላይ የተከለው ድንች! «እሰይ የኔ ጃርት!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ማን ይሰማኛል ብዬ።

ደስታዬን ልጨርስ ጠጋ አልኩ። ጃርቱ አንዱን ጉድጓድ ከሌላው አጥልቆታል። ውስጡ ጥቁር፣ ክብ ነገር ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ተቀብሯል።

ባለሁበት ደረቅኩ።

ያን ሰሞን በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ «የማታውቁትን ነገር አትንኩ» ይባል ነበር። ከእኛ በላይ ባለው ሰፈር አንድ ሰው ሲቆፍር ፈንድቶበት እግሩ ተጎድቷል። እኔ ስለ ጦር መሣሪያ የማውቀው የለም፤ ጥቁርና ክብ መሆኑ በቃኝ። ወደ ኋላ፣ የረገጥኩበትን እየረገጥኩ ወጣሁ።

በዚህ ጊዜ ይመር ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በወዲያ በኩል፣ ወደ ድንቹ ሲመጣ አየሁት።

«ይመር! እዚያው ቁም!»

«ደግሞ በጠዋቱ ጀመርክ?»

«ቁም እኮ ነው የምልህ!»

«በመሬቴ ላይ አታቆመኝም።»

«አንተ ደደብ፣ አንድ እርምጃ ብትጨምር እናትህ ታለቅሳለች! ፈንጂ አለ!»

ቆመ። መጀመሪያ የማታልለው መስሎት ፊቴን አየ። ከዚያ አንገቱን አስግጎ ጉድጓዱን አየ። ዶማውን ከትከሻው አውርዶ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው። ላቡ በዚያ ብርድ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ መጣ። ሰው እንዴት ነው ፈንጂ አለ ሲባል የሚመጣው? መጡ። ከሩቅ ከብበው ክርክር ያዙ። አንዱ «የመድፍ ነው» ይላል፣ ሌላው «መድፍ ይረዝማል እንጂ አይከብም» ይላል።

«አያ መኮንን፣ አንተ በወጣትነትህ ዘምተሃል፣ ጠጋ ብለህ እየው» አሉት።

«እኔ የዘመትኩት ወጥ ሠሪ ሆኜ ነው» አለ አያ መኮንን። «ሽንኩርት መሆኑ ከተረጋገጠ ጥሩኝ።»

አንድ ሰው ሚሊሻ ሊጠራ ወደ ከተማ ተላከ። ሰው እንዳይጠጋ እኔና ይመር ግራና ቀኝ ቆመን እንከላከላለን። ከተጣላን በኋላ አንድ ነገር አብረን ስንሠራ የመጀመሪያችን ነበር።

እመት ዘሐራ የመጡት ይሄኔ ነው። የይመር እናት ናቸው። ጦርነቱ ሲመጣ አምባሰል ሴት ልጃቸው ዘንድ ወጥተው፣ በዚያው ከርመው፣ ወደ ሐይቅ ከተመለሱ ገና ሰሞናቸው ነበር። ስለ ድንበሩ ጠብ ይመር አልነገራቸውም፤ ሌላውም ሰው ምን ብሎ ይንገራቸው? ጆሯቸው ደክሟል። ዱላቸውን ይዘው ሰውን እየገፉ ገቡ።

«እመት ዘሐራ፣ አይጠጉ!»

«ምን? ጃርት ነው አሉኝ እኮ!»

«ፈንጂ ነው! ፈንጂ!»

«እኮ ጃርት፣ ሰምቻለሁ!»

ሰው ሁሉ ይጮሃል፣ እሳቸው ይሄዳሉ። ይመር ፈዞ ቀርቷል። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደርሼ ነጠላቸውን ያዝኩ። በዱላቸው ክንዴን አቀመሱኝ።

«ልቀቀኝ አንተ! ምን ነካህ?»

ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩ። ዱላቸውን ሰድደው ጥቁሩን ነገር ቆረቆሩት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሸሃዳዬን ያዝኩ።

ኳ፣ ኳ አለ። ሸክላ!

«ኧረ ወላሂ የኔ ማሰሮ ናት!» አሉ እመት ዘሐራ፤ እንደ ልጃገረድ ሳቁ። «ከንፈሯ የተሰበረው! የኔ ናት!»

ዓይኔን ገለጥኩ። እሳቸው ቁጭ ብለው በእጃቸው አፈሩን ይጠርጋሉ። ማሰሮዋ በአፏ ተደፍታ ነው የተቀበረችው። ሲያነሷት ከሥሯ ከሰል ተዘረገፈ። ብዙ ከሰል፣ ትናንት ከምድጃ የወጣ የሚመስል።

«ሙሽራ ሆኜ ነው የሰበርኳት» አሉ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ። «ከምንጭ ስመለስ አደናቅፎኝ። አማቴ ተቆጥተው ሲያኮርፉኝ ሰነበቱ። በኋላ ባለቤቴና የዚህ የሰይድ አባት ድንበር ሊያኖሩ ነው ተባለ፤ ከሥር የሚቀበር ከሰልና ሸክላ ይፈለጋል። ድንጋይ ሰው ያነሳዋል፣ ከሰል ግን አይበሰብስም፣ ለዚያ ነው። የሰይድ አባት ምን አለ መሰላችሁ? ‹ሙሽራዋ ደግ አደረገች፣ ባትሰብረው ኖሮ ደህና ማሰሮ ልንቀብር ነበር!› ብሎ ሲስቅ፣ አማቴም ሳቁ። በዚያው ታረቁኝ። ከሰሉን ከምድጃዬ አውጥቼ የሞላሁት በዚህ እጄ ነው።»

እኔ አባቴ ሲስቅ ትዝ አይለኝም። የሞተው ልጅ ሳለሁ ነው፤ ስለ ከሰሉም የነገረኝ የለም። ሰው ፊት እንዳላለቅስ ጀሪካኔን ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ።

እሳቸው ገና አልነቁም። ሰው ጸጥ ማለቱን ያዩት ቆይተው ነው።

«ምነው? ምን ሆናችሁ?»

አያ መኮንን ጠጋ ብሎ፣ ጮክ ብሎ፣ ግን በትህትና ጠየቃቸው።

«እመት፣ ይቺ ማሰሮ የተቀበረችው የት ላይ ነበር?»

«ድንበሩ ላይ ነዋ! ከድንጋዩ ሥር።»

«ድንጋዩስ?»

ድንጋዩን ፈለጉ። ከጉድጓዱ አጠገብ የለም። ቀና ሲሉ ወዲያ ማዶ፣ በእኔ መደቦች አጠገብ አዩት። ድንጋዩን አዩ፣ ማሰሮዋን አዩ፣ በመሃል ያለውን ድንች አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። በዚያ ዓይን ማንም እናት ልጇን አትይ።

ይመር አጎንብሶ፣ «እማ፣ አርጅተሻል። ሌላ ማሰሮ ይሆናል» አለ።

መውጫ ሰጣቸው። «እውነትህን ነው፣ ዓይኔ ደክሟል» ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ የሚጦራቸውም እሱ ነው። እኔም ይህን ስለማውቅ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እናት በልጇ ላይ ትመሰክራለች ብሎ የሚጠብቅ ሞኝ ነው።

አያ መኮንን የጠዋቱን ነገር ሁሉ በጆሯቸው ነገራቸው። እመት ዘሐራ ማሰሮዋን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ይመር» አሉ፣ «ይሄ ሰው ጮሆ ያስቆመህ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ፈንጂ መስሎት ነው። ዝም ቢል መሬቱ ይመለስለት ነበር፤ አንተ ግን ትቀርብኝ ነበር። እኔም ስጠጋ ሮጦ የያዘኝ እሱ ነው፣ አንተ አይደለህም። እኔ አሁን ዝም ብል ምን ሆኜ ልሰግድ ነው?»

ይመር ዓይኑን ወደ ድንቹ መለሰ።

«ማሰሮዋ የኔ ናት። ድንበሩም እዚህ ነው። ድንጋዩ እስኪመለስ አልነሳም።»

አልተነሱምም። ፀሐዩ በረታ፤ ከዲጃ ነጠላዋን በእንጨት ወጥራ አጠለለችላቸው፣ ውሃ አመጣችላቸው። ሚሊሻዎቹ እያለከለኩ ሲደርሱ ያገኙት ማሰሮ ያቀፈች አሮጊት ነው።

«እማማ፣ ፈንጂው የታል?» አላቸው አንደኛው።

በዱላቸው ይመርን አሳዩት። «ያውልህ። እኔው ነኝ የወለድኩት።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ይመር ራሱ፣ ፊቱን በሁለት እጁ እንደሸፈነ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ አላውቅም። አልጠየቅኩትም።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ቀን እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ነገሩ አልረዘመም። ይመር ካሣ ይክፈል ሲባል እኔ አልፈልግም አልኩ፤ የፈለግኩት ውሃዬን ነው። ድንጋዩን ብቻውን ተሸክሞ እንዲመልስ ግን ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ። ከባድ ድንጋይ ነው። ተሸክሞ መጥቶ ሲያስቀምጥ እያቃሰተ፣ «አፉ በለኝ፣ አያ ሰይድ» አለኝ። «አያ»ን ከወደቀችበት አነሳት።

አፉ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ወድጄዋለሁ አላልኩም። ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን፣ በቦይ ጠረጋ ቀን ጎን ለጎን እንቆማለን። ይበቃል።

ፍሉ ግማሹ ሞተብኝ፤ የተረፈውን በዚያው ሳምንት አዛውሬ በሙሉ ተራዬ አጠጣሁት። ያ ሽንኩርት ነው ያን ዓመት ያሻገረን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጀመሪያ የነቀልኩትን ለእመት ዘሐራ እወስዳለሁ። እየተቀበሉ ይሰድቡኛል፤ «ዘንድሮም ነጭ ሽንኩርት አክሏል፣ ፍግ የለህም ወይ?» ይሉኛል። ስድባቸውን ሳልሰማ ዓመቱ የገባ አይመስለኝም። እኔ ከሰው ብዙ ደግ ነገር አላየሁም፤ ያየሁትንም ቶሎ አላምንም። የእሳቸውን ግን አምናለሁ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ለጃርቱም ወጥመድ መጣል ትቻለሁ። በዳር በኩል ጥቂት ድንች እተክልለታለሁ፤ መጥቶ ይምሳል፣ ይሄዳል። ከዲጃ «ዘካህን ለጃርት ማውጣት ጀመርክ?» እያለች ትስቃለች። ትሳቅ። ለእኔ ሊመሰክር ከመሬት የወጣ ሌላ ማን ነበር?

አንድ ነገር ቀረኝ። ድንጋዩ ከመተከሉ በፊት እመት ዘሐራ፣ «በአዲስ ከሰል ይሁን፣ ከሁለቱም ቤት» አሉ። ይመር ከምድጃው አመጣ፣ እኔም ከምድጃዬ አመጣሁ፤ ተቀላቀለ። ማሰሮዋ ልትደፋ ስትል «ቆይ» አልኩና ሚስማር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አባቶቻችን መጻፍ አይችሉም ነበር፤ እኔ እችላለሁ። ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ ሆዷ ላይ ፋቅኩበት። ስም አልጻፍኩም፣ በደልም አልጻፍኩም። የጻፍኩት ድንበሩ የተመለሰበትን ቀን ብቻ ነው፦

ሐሙስ፣ መጋቢት 22 ቀን 2014 ዓ.ም.